ጎርፉ ወዴት ይሄዳል? ፓርክ ከመነደፉ በፊት መሬቱ እንዴት ይጠናል

በምዕራብ ሐረርጌዋ ቦኬ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ማዘጋጃ ቤቱ ለሕዝብ መናፈሻ የሚሆን አንድ ሄክታር ቦታ ከለለ እንበል። መቶ ሜትር በመቶ ሜትር፤ ከኳስ ሜዳ ሰፋ ያለ። ችካሉ በተተከለ በሳምንቱ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባነር ላይ የታተመ ባለቀለም ሥዕል። ፏፏቴ አለው። ሣሩ ምንጣፍ ይመስላል። ሰዎቹ ቦርሳቸውን አንግበው ይንሸራሸራሉ፤ ከመካከላቸው አንድም የቦኬ ሰው የሚመስል አይታይም። ፍየልማ ጭራሽ የለም።

ሥዕሉን አልጠላውም። የኔ ጠብ ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው። መናፈሻ ሲሠራ መቅደም ያለበት መሬቱን ማጥናት ነው፤ ባለሙያዎቹ «የሳይት ጥናት» ይሉታል። ስሙ ስለሚከብድ ብዙ ሰው «የመሐንዲስ ጉዳይ ነው» ብሎ ይተወዋል። አብዛኛው ሥራ ግን በገመድ፣ በፕላስቲክ ቱቦ፣ በባዶ ጠርሙስ፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ በማየት የሚያልቅ ነው። ቡናው እስኪፈላ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ።

ከውኃ እንጀምር፤ ሐረርጌ ላይ ከሌላ ነገር መጀመር አይቻልም።

የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። ለእንግዳ ዓይን ከተማው መሀል የተኛ ሰፊ ባዶ ቦታ ነው፤ ለፓርክ ቦታ የሚፈልግ ሰው ቢያየው ምራቁን ይውጣል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ በዚያው አሸዋ ላይ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ሺዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። በሌሊት ነበርና ብዙዎቹን በተኙበት ወሰዳቸው። አሸዋው ድሮም ሲናገር ነበር፤ ያን ሁሉ አሸዋ ከደጋ ያወረደው ሌላ ማን ሆነና?

ከዚህ የምንወስደው ለአንድ ሄክታርም ይሠራል። ቦታው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ትንሹ ጉዳይ ነው፤ የሚያስፈራው ከበላይ የሚመጣው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። 30 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አንድ ብርቱ ዝናብ ሄክታሩ ላይ ቢወርድ 300,000 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ብንደረድር 1,500 በርሜል። አሁን ከበላይ ያለውን ዳገት፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ፣ የኮብልስቶኑን መንገድ እንጨምርበት። ውኃውን ወደዚህ የሚልከው ተዳፋት አሥር ሄክታር ቢሆን፣ ግማሹ ዝናብ እንኳ መሬት ውስጥ ሰርጎ ቢቀር፣ 7,500 በርሜል ውኃ በአንድ ከሰዓት በኋላ መናፈሻችን ውስጥ ይገባል። ፏፏቴው ያለ ወጪ ተገኘ ማለት ነው።

ስለዚህ መሬት የሚያጠና ሰው መጀመሪያ ከመሬቱ ይወጣል። ወደ ላይ ይወጣና ውኃው ወዲህና ወዲያ የሚለያይበትን ጀርባ እስኪያገኝ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የመናፈሻው ጎረቤት ነው። የቆዩት ባለ 1፡50,000 የመልክዓ ምድር ካርታዎች ለዚህ ይረዳሉ፤ ግን መስመራቸው በየ20 ሜትር ከፍታ ስለሆነ ትንሿ ቦይ አትታይባቸውም። ስልክ ላይ ያለው የሳተላይት ፎቶ የተሻለ ያሳያል። ከሁሉ የሚበልጠው እግር ነው። አጥር ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ አፈሩ ተጠርጎ የተራቆተ ሥር፣ አምና ያልነበረ ቦረቦር፤ እነዚህ ሁሉ ጎርፉ ጽፏቸው የሄደ ደብዳቤዎች ናቸው። ዳር ላይ ጎመን ዘርግተው የሚሸጡትን እናት «አዴ፣ ክረምት ላይ ውኃው እስከ የት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። በእጃቸው ጉልበታቸውን ነክተው ያሳያሉ። ያቺ ምልክት ማስታወሻ ደብተር ላይ ትግባ።

በበጋ ብቻ የታየ መሬት ይዋሻል። ሐረርጌ በልግም ክረምትም አለው፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ጥር ላይ፣ ሚያዝያ ላይና ነሐሴ ላይ ቦታው መታየት ይኖርበታል። እዚህ ላይ አንድ የቢሮ ጣጣ አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ እንዳይመለስ ሲባል ጥናቱ በጋ ላይ በጥድፊያ ያልቃል፣ ግንባታው ሰኔ ሳይገባ ይሮጣል፤ መናፈሻው ከጎርፉ ጋር የሚተዋወቀው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ይህ የዕውቀት ማነስ አይመስለኝም፤ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚተኛውን ውኃም መቁጠር ያስፈልጋል። ወባ በአገራችን በብዛት የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ የምዕራብ ሐረርጌዋ ጭሮም ከዚያ በታች ናት። ዝናብ ባቆመ በሳምንቱ ያልደረቀ ኩሬ ካለ ካርታው ላይ ምልክት ይደረግበት። ፏፏቴና የውኃ ገንዳ ለሚያምራቸው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ግንባታ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተያይዟል። ፓምፑ የተበላሸ ፏፏቴ ለእሷ የተሠራ ቤት ነው።

ወደ ተዳፋቱ እንለፍ። ካርታ ላይ ያሉት ጠምዛዛ መስመሮች፣ ኮንቱር የሚባሉት፣ ግራ የሚያጋቡት ሰው ካለ ማድ ቤት ይግባ። ትልቅ ድንች ለሁለት ገምሶ በጠፍጣፋው በኩል ሳፋ ውስጥ ያስቀምጥ። አንድ ጣት ያህል ውኃ ያፍስስና ውኃው ድንቹን የነካበትን ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ይጫር። ሌላ አንድ ጣት ይጨምርና እንደገና ይጫር። ውኃውን ደፍቶ ድንቹን ከላይ ወደ ታች ሲያየው ጭረቶቹ ኮንቱር ናቸው። የተቀራረቡበት ገደል፣ የተራራቁበት ሜዳ ነው። ይኸው ነው፤ የቀያሹ ውድ መሣሪያም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

መሬቱ ላይ ለመለካት ግንበኞች የሚይዙት ውስጡ የሚታይ ቱቦ ይበቃል። ቱቦው ውኃ ይሞላል፤ አየር እንዳይቀርበት። ሁለቱ ጫፎች ምንም ያህል ቢራራቁ ውኃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ሁለት ሰዎች በ10 ሜትር ርቀት ይቆሙና እያንዳንዳቸው ከውኃው አፍ እስከ መሬት ያለውን በሜትር ይለካሉ። አንዱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 150 ካገኘ ልዩነቱ 60 ነው፤ ተዳፋቱ 6 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የልማት ሠራተኞች እርከን ሲቀይሱ የሚዘረጉት ባለ 10 ሜትር ገመድና በላዩ የሚንጠለጠለው ላይን ሌቭልም የዚሁ ወንድም ነው።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል? ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ውኃ አይወርድም፣ ይተኛል። 2 በመቶ ለልጆች መጫወቻ ደህና ነው፤ ኳስም አይንከባለልባቸው፣ ጭቃም አይሆንም። ምርኩዝ የያዙ አዛውንትና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው ያለ ድካም የሚሄዱበት እስከ 5 በመቶ ነው፤ 12 ሜትር ተሄዶ 1 ሜትር የሚወጣበት መንገድ ደግሞ የመጨረሻው ወሰን ነው። ከ15 በመቶ ካለፈ እርከን ይፈልጋል፤ እርከን ለመሥራት ደግሞ የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ አስተማሪ አያስፈልገውም። እንዲያውም መናፈሻው ለሥራው እሱን ቢጠራ ጥሩ ነበር።

አፈሩን በጠርሙስ እንጠይቀዋለን። ከሄክታሩ ከአራት ወይም ከአምስት ቦታ፣ ከላዩ ሳይሆን አንድ ክንድ ያህል ተቆፍሮ፣ አፈር ይወሰዳል። ሰፋ ያለ አፍ ያለው የማር ጠርሙስ ሲሶው በአፈር፣ ቀሪው በውኃ ይሞላል፤ ቆንጠር ተደርጎ ኦሞ ይጨመርበትና በደንብ ይናጣል። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ታች ይቀመጣል። ደለሉ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይቆያል። ሲጠራ ጠርሙሱ ላይ እንደ ንብርብር ኬክ ሦስት መስመር ይታያል፤ በማስመሪያ ይለካል። ሸክላው ግማሽ ከሆነና አፈሩ ጥቁር ከሆነ፣ ክረምት ላይ የሚያብጥ በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ዋልካ ነው። እዚያ ላይ የተተከለ የኮንክሪት አግዳሚ ወንበር በሁለተኛው ዓመት እንደ ሰካራም ያዘነብላል።

ሌላው ውኃ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰርግ ነው። ሁለቱም ጫፉ የተቆረጠ የቲማቲም ጣሳ መሬት ውስጥ በመዶሻ ጥቂት ይገባል፣ ውኃ ይሞላል፣ ስልክ ላይ ሰዓት ይያዛል። የከብት ገበያ የነበረ ቦታ ላይ ይህን የሞከረ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ የዓመታት ኮቴ የደበደበው መሬት እንደ ምጣድ ነው። መቆፈርና ፍግ መቀላቀል ካልቀደመ ችግኝ ሥር አይሰድም። ቆሻሻ ሲደፋበት የነበረ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሜትር ተቆፍሮ ፌስታል፣ ጠርሙስ፣ መርፌ ከወጣ መሬቱ ገና እየሰመጠ ነው፤ የልጆች መጫወቻ እዚያ አይሠራም።

ይህን ሁሉ የምለው አንድ የማይነገር ነገር ስላለ ነው። በአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይመደባል ይባላል። ለአረንጓዴ የሚተወው የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ ቤት የማይሠራበት ነው፤ ወንዝ ዳሩ፣ ገደሉ፣ ቦረቦሩ፣ የድሮው ድንጋይ መፍለጫ። ስለዚህ መናፈሻ ከፎቅ ይልቅ የበለጠ ጥናት ይፈልጋል፤ የሚሰጠው መሬት የተረፈው ነውና።

አሁን ወደ ጥላ። ኢትዮጵያ ውስጥ መናፈሻ ማለት ጥላ ማለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ከቦኬ ብዙም በማይርቀው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ የተቀመጠው በሾላ ሥር ነው። አዳራሽም አግዳሚ ወንበርም አልቀደመም፤ ዛፉ ቀደመ። ዛሬ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም በዚያ ስም ይጠራል። ስለዚህ ቦታው ላይ ያለ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ ሁሉ፣ ወይራም ይሁን ዋንዛ ወይም ግራር፣ ከሥዕሉ በፊት ካርታው ላይ ይግባ፤ ግንዱ ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉ የሚደርስበት ዙሪያ ሁሉ። ሥሩም ቢያንስ እስከዚያ ይሄዳል። ሾላ ግርማ አለው፣ ወፍም ይጠራል፤ ግን የውኃ መስመርና የኮብልስቶን ጠላት ስለሆነ አዲስ የሚተከል ከሆነ ሰፊ ቦታ ይሰጠው።

ፀሐይዋን በእንጨት መከታተል ይቻላል። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተተክሎ የጥላው ጫፍ በየሰዓቱ በጠጠር ምልክት ይደረግበታል። ቦኬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ታኅሣሥ ላይ በቀትር 3 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ የሚጥለው ጥላ 2 ሜትር አይሞላም፤ ሰኔ ላይ አንድ ሜትር እንኳ አይደርስም። የግንብ አጥር ጥላ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው ካለ ይተወው። ሰው መናፈሻ የሚመጣው በብዛት ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ፀሐይዋ ከምዕራብ ዓይን ዓይን ትመታለች። ዛፉ ከመቀመጫው በስተምዕራብ ይተከል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ያልተረዳ ንድፍ ስንት መናፈሻ ላይ ባዶ ወንበር እንዳስቀረ ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው።

ከ9 ሰዓት በኋላ ስል ግን፣ ኧረ አቦ፣ ሐረርጌ ነው ያለነው። ከሰዓት በኋላ የበርጫ ሰዓት ነው። ብዙ ወንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ታዲያ መናፈሻው የማን ሊሆን ነው? ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት ልጆች? ከገበያ የሚመለሱት ሴቶች? ወይስ በርጫው ወደ ዛፉ ሥር ይዛወራል? ይህን ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ በግምት መመለስ አይችልም፤ ተቀምጦ መቁጠር አለበት። አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ የአዘቦት ቀን፣ አንድ ዓርብ። በየሰዓቱ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ፍየል አለፈ? ፍየሏ ቀልድ አይደለችም። ችግኝ በሺ ተተክሎ አጥር ካልታሰበለት ጥናቱ የተሠራው ለእሷ ነው።

እግር ያወጣቸውን መንገዶች ደግሞ አንድ በአንድ መሳል ነው። ከቦኖው ወደ ሰፈሩ፣ ከመስጊዱ ወደ መናኸሪያው፣ ከትምህርት ቤቱ ወደ ገበያው ሰያፍ ቆርጠው የሚሄዱት ቀጫጭን መንገዶች ሰው ሳይሰበሰብ የተስማማበት ፕላን ናቸው። ጄሪካን የተሸከመች ሴት አበባ ለማየት ብላ አትዞርም። መንገዷ ላይ አጥር ቢቆም በወሩ ቀዳዳ ይወጣለታል።

«ባዶ ቦታ» የሚለው ቃል ራሱ መጠርጠር አለበት። ያ ባዶ የተባለው ሜዳ በዒድ ቀን ሕዝቡ የሚሰግድበት ሊሆን ይችላል። ታቦት የሚያድርበት፣ ለለቅሶ ድንኳን የሚጣልበት፣ በገበያ ቀን አህዮች የሚታሰሩበት፣ የሰፈሩ ልጆች ብቸኛ ኳስ ሜዳ ሊሆን ይችላል። የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ በዓለም ከታወቁት መናፈሻዎች አንዱ ነው፤ ሲሠራ ግን እ.ኤ.አ. በ1857 አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ጥቁር አሜሪካውያን የነበሩባት፣ የራሷ አብያተ ክርስቲያናት የነበሯት ሴኔካ ቪሌጅ የምትባል መንደር ከቦታው ተነሥታለች። ያኔም መሬቱ እንደ ጠፍ ተቆጥሮ ነበር። ሐጂውንም ቄሱንም፣ የዕድሩን ዳኛም፣ ኳስ የሚጫወቱትንም ልጆች መጠየቅ የጥናቱ አካል ነው፤ ልጆቹን ግን አዋቂ በሌለበት፣ ያን ጊዜ እውነቱን ይናገራሉ።

በመጨረሻ ይህ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 ትውልደ ስኮትላንዳዊው ኢያን ማክሃርግ «ዲዛይን ዊዝ ኔቸር» በተባለ መጽሐፉ ያስፋፋው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ውኃው የሚሄድበት በአንድ አሳላፊ ወረቀት፣ ተዳፋቱ በሌላ፣ አፈሩ፣ ዛፉና ጥላው፣ የሰው መንገድ በየራሳቸው ይሳላሉ፤ አስቸጋሪው ቦታ ሁሉ በእርሳስ ይጠቁራል። ከዚያ እንደ እንጀራ ተደራርበው መስኮት ላይ ይለጠፋሉ። ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ላይ መጸዳጃ ቤቱና ሻይ ቤቱ ይሠራል። ጥቁር የሆነው ለሣርና ለዛፍ ይተዋል፣ ወይም ጎርፉ በሰላም እንዲያልፍበት። ንድፉ ግማሹ በዚያች ቅጽበት ራሱን ይሠራል። የዛሬው የኮምፒውተር ካርታም ሥሩ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት ወዳጅነትና እንጦጦን የመሰሉ ፓርኮች አግኝታለች፤ የክልል ከተሞችም ያንን ሥዕል ይመኛሉ። ምኞቱ ክፉ አይደለም፤ አየሩ ግን አይገለበጥም። የውኃውን ሒሳብ ብቻ እንየው፤ 200 ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ሊትር ቢጠጣ 4,000 ሊትር ነው። 200 ጄሪካን፣ በየሳምንቱ፣ ሰው ራሱ ቦኖ ላይ በሚሰለፍበት በጥርና በየካቲት። ዝናብ ከጣሪያና ከመንገድ የሚጠራቀምበት ገንዳ ንድፉ ውስጥ መግባት ያለበት ለዚህ ነው፤ ክዳን ይኑረው፣ ትንኟን እንዳንረሳ። የትኛው ዛፍ በትንሽ ውኃ እንደሚጸድቅ ለመጠየቅ በአጎራባቹ ዳሮ ለቡ ያለው የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል ሩቅ አይደለም። የዝናቡን መዝገብ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት መጠየቅ ይቻላል። ቆጠራውን የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢሠሩት ለእነሱም ትምህርት ነው።

ቦኬም፣ በዴሳም፣ ገለምሶም፣ ሂርናም ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። በመጪው ነሐሴ ጎርፉ ሰፈራችሁ ውስጥ የደረሰበትን ከፍታ ግድግዳ ወይም የመብራት ምሰሶ ላይ በቀለም አስምሩበት፤ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን አጠገቡ ጻፉ።